የሰውነታችን ጨው ሲመሰክር

በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለ አንዲት ቁጥር ነው። ይህች ቁጥር በአቶም ጨረር የተመታ ሰው ሆስፒታል ሲገባ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃት ናት፤ ይኸውም «ይህ ሰው ስንት ያህል ጨረር ገባበት?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

ሰው በእሳት ቢቃጠል ቁስሉ ይታያል፤ ሐኪሙም ዓይቶ ይፈርዳል። በጨረር የተመታ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያቅለሸልሸዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ይሻለውና ለጥቂት ቀናት፥ አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት፥ ደኅና መስሎ ይቀመጣል። ይበላል፤ ይጫወታል፤ ከጠያቂዎቹም ጋር ይስቃል። ጉዳቱ ግን ደም በሚመረትበት በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ይጠብቃል።

የጨረር መጠን በዚያ ዘመን ራድ በሚባል መስፈሪያ ይሰፈር ነበር። ዛሬ ግሬይ በሚባል ይሰፈራል፤ 100 ራድ 1 ግሬይ ነው። የምንተርከው ታሪክ በራድ የተጻፈ ስለ ሆነ እኛም በራድ እንቆጥራለን። መላ ሰውነቱ 100 ራድ ያህል የተቀበለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በክትትል ብቻ ይድናል። 400 ራድ ገደማ የተቀበሉ ሰዎች ሕክምና ባያገኙ ከሁለቱ አንዱ ይሞታል። ከ1,000 በላይ ከሆነ ደግሞ ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ ከሌላ ሰው መቅኔ ተወስዶ ይሰጠው ወይስ በንጹሕ ክፍል ተኝቶ ይጠበቅ ብሎ የሚወስነው በአብዛኛው በዚህች ቁጥር ነው። መቅኔ መስጠት ደግሞ የራሱ አደጋ ያለበት ሥራ ስለ ሆነ እንዲያው በግምት የሚደረግ አይደለም።

ቁጥሪቱ እንዴት እንደምትገኝ ለመረዳት ወደ ዩጎዝላቪያ እንሂድ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዩጎዝላቪያ ዛሬ ፈርሳ በብዙ መንግሥታት ተከፋፍላለች፤ ቪንቻ የሚባለው ስፍራ ግን በሰርቢያ ዋና ከተማ በቤልግሬድ አጠገብ ይገኛል። በዚያ በነበረው በቦሪስ ኪድሪች የምርምር ተቋም ውስጥ በ1958 ዓ/ም አርቢ የተባለ ለጥናት የሚያገለግል ሪአክተር ተሠርቶ ነበር። ይህ ሪአክተር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ አልነበረም። ወደ 4 ቶን የሚጠጋ የተፈጥሮ ዩራኒየም በከባድ ውሃ ውስጥ የተዘፈቀበት አንድ ትልቅ ጋን ነበር ቢባል ይቀላል። የሚሠራው ከምንም በማይቆጠር ኃይል ስለ ሆነ ማቀዝቀዣ አልነበረውም፤ ጨረርን የሚከለክል ግንብም በዙሪያው አልተሠራለትም። ሠራተኞቹ በዚያው አዳራሽ ውስጥ በጋኑ አጠገብ ሆነው ይሠሩ ነበር።

ከባድ ውሃው በጋኑ ውስጥ ከፍ ባለ መጠን የዩራኒየሙ መሰንጠቅ ይበረታል። ከአንድ ከታወቀ ከፍታ በላይ ያለፈ እንደ ሆነ ግን አንዱ መሰንጠቅ ሌላውን እየወለደ ሰንሰለቱ ያለ ማቋረጥ ያድጋል። ኦክቶበር 15 ቀን 1958 ዓ/ም (በእኛ ጥቅምት 5 ቀን 1951) ወጣት ተመራማሪዎች ከዚህ ወሰን በታች ሆነው ሙከራ ያደርጉ ነበር፤ ውሃውንም በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ያደርጉ ነበር። የጨረሩን ብርታት የሚነግሯቸው ሦስት መለኪያዎች ነበሩ። አንደኛው ምልክቱ ስላልተረጋጋ ተነቅሎ ነበር። የቀሩት ሁለቱ ከፍ አሉና በአንድ ቁጥር ላይ ቆሙ።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። መርፌው የቆመው ጨረሩ ስለ ረጋ አልነበረም። መለኪያዎቹ ሊቆጥሩ የሚችሉትን ያህል ቆጥረው ስለ ጠገቡ ነበር። ከመጥገባቸው በላይ ያለውን አልተናገሩም። ዘይት የሚሰፍር ሰው ጣሳው ሞልቶ ሲፈስ የጣሳውን አፍ ብቻ ቢመለከት ዘይቱ የቆመ ይመስለዋል፤ የእነዚያም ወጣቶች ነገር እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻ አደጋውን የነገራቸው አፍንጫ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የኦዞን ሽታ ሸተተው፤ ይህም ከመብረቅ በኋላ በአየር ላይ የሚሸት ዓይነት ነው። ወዲያው ነገሩ ገባው፤ ኒውትሮን የሚውጡት የካድሚየም ዘንጎች ወርደው ሪአክተሩ ቆመ። በአዳራሹ ውስጥ ስድስት ሰዎች በጨረር ተመትተው ነበር።

ስድስቱም በአውሮፕላን ወደ ፓሪስ ተወስደው በኩሪ ሆስፒታል ተኙ። በዚያ ፕሮፌሰር ዦርዥ ማቴ የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከፈቃደኛ ፈረንሳውያን መቅኔ ወስደው ለአምስቱ ሰጧቸው። በሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ስለ ነበረ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ከስድስቱ አንዱ ሞተ፤ አምስቱ ድነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ታዲያ ያዳናቸው መቅኔው ነው ወይስ ሳይሰጣቸውም ይድኑ ነበር? ይህን ለመመለስ የግድ ያች ቁጥር ታስፈልጋለች። 1,000 ራድ ከነበረ መቅኔው ተአምር ሠርቷል ማለት ነው፤ 400 ከነበረ ግን ክርክሩ ሰፊ ነው።

ቁጥሪቱ የጠፋችበት ምክንያት ኒውትሮን የተባለው ነገር ጠባይ ነው። ከሪአክተር የሚወጣው ጨረር በዋነኛነት ሁለት ዓይነት ነው፤ ጋማና ኒውትሮን። ጋማ እንደ ኤክስ ሬይ ያለ ብርሃን ስለ ሆነ በፎቶግራፍ ፊልም ላይ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ የኤክስ ሬይ ሠራተኞች ቀድሞ በደረታቸው ላይ ያንጠለጥሉት የነበረው ትንሽ ባጅ ሥራው ይኸው ነበር። ኒውትሮን ግን የኤሌክትሪክ ሙላት የለውም። ተራ ፊልም አያየውም ለማለት ይቻላል። ብዙ ጋማ የሚያስቆመውን እርሳስ ሳይቸገር አልፎት ይሄዳል።

ልጅ ሆነው ብይ ተጫውተው ከሆነ ምክንያቱ አይጠፋዎትም። ብይ ከድንጋይ ግድግዳ ጋር ቢጋጭ ፍጥነቱ ብዙም ሳይጎድል ነጥሮ ይመለሳል። ከእኩያው ብይ ጋር ፊት ለፊት የተጋጨ እንደ ሆነ ግን ራሱ ቆሞ የተመታው ይሮጣል። ለኒውትሮን እርሳስ ግድግዳው ነው፤ እኩያው ደግሞ የሃይድሮጅን አቶም እምብርት ነው። ሃይድሮጅንስ የት ነው ያለው? በውሃ ውስጥ። ሰውም አብዛኛው ገላው ውሃ ነው። ስለዚህ በሴኮንድ ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር የሚበረው ፈጣን ኒውትሮን በብረትና በእርሳስ ላይ የማያሳየውን ትሕትና በሰው ገላ ውስጥ ያሳያል፤ ወደ 18 ጊዜ ያህል ተጋጭቶ በሴኮንድ 2 ኪሎ ሜትር ከጥቂት የሚሄድ ዘገምተኛ ይሆናል። ያ ሁሉ ጉልበት የሚራገፈው በሰውየው ሥጋ ላይ ነው። ጉዳቱም ይኸው ነው።

ደግነቱ ዘገምተኛው ኒውትሮን ምልክት ሳይተው አይጠፋም። በአንድ ጐልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ ወደ 100 ግራም ሶዲየም አለ፤ በወጣችን ውስጥ ከምንነሰንሰው ጨው የሚገኘው ንጥረ ነገር ማለት ነው። የሶዲየም እምብርት አንድ ኒውትሮን ሲውጥ ሶዲየም 24 ወደሚባል ጨረር የሚረጭ ወንድሙ ይለወጣል። የሰውየው ደም በሲሪንጅ ተቀድቶ በመለኪያ ፊት ሲቀመጥ ይህ ሶዲየም ይቆጠራል። ማንም ሰው በኪሱ መለኪያ ባይዝ እንኳ ደሙ መለኪያ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ምስክር ግን ብዙ አይቆይም። ሶዲየም 24 በየ15 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ30 ሰዓት ሩቡ ይቀራል፤ በስድስት ቀን ከሰባት መቶው እጅ አንዱ እንኳ አይቀርም። ስለዚህ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት በትክክል መጻፍ አለበት፤ ሰዓቱ የተዘነጋ ናሙና ቀን እንዳልተጻፈበት ደብዳቤ ነው። ከደሙ ሌላ ፀጉርም ይመሰክራል። በፀጉር ውስጥ ያለው ድኝ በፈጣን ኒውትሮን ሲመታ ፎስፎረስ 32 ይሆናል፤ ይኸኛው በ14 ቀን ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ታጋሽ ምስክር ነው። የወርቅ ቀለበትና የመዳብ አዝራርም እንዲሁ ምልክት ይይዛሉ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሶዲየሙን ቆጥሮ መጠኑን ማወቅ ነው እንዳይሉ ግን ይጠንቀቁ፤ ጭንቁ የሚጀምረው ገና ከዚህ ነው። በመሥሪያ ቤት የሚሠሩ አንባቢዎች ቶሎ ይገባቸዋል። የገቢ ደረሰኞችን ቁጥር ብቻ ቢነግሩኝ በሣጥኑ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ ልነግርዎ አልችልም። መቶ ደረሰኝ የመቶ ብር ሊሆን ይችላል፤ የአሥር ሺህም ሊሆን ይችላል። ሶዲየሙም እንደዚሁ ደረሰኝ ይቆጥራል። ስንት ኒውትሮን ወደ ገላው ገብቶ እንደ ዘገመ ይናገራል እንጂ እያንዳንዱ ሲገባ ምን ያህል ጉልበት ይዞ እንደ ነበረ ብዙ አይናገርም። የሚጎዳው ግን ጉልበቱ ነው።

ኒውትሮኖቹ ያላቸው ጉልበት ደግሞ እንደ መጡበት ሪአክተር ይለያያል። ከባዶ የዩራኒየም ብረት ቁራጭ የሚወጡት ፈጣኖች ናቸው። በከባድ ውሃ ውስጥ ተጋጭተው የሚወጡት ብዙዎቹ ቀድመው ዘግመዋል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በደማቸው ውስጥ እኩል ሶዲየም 24 ቢገኝባቸው፥ አንዱ በብረቱ፥ ሌላው በከባድ ውሃው ጋን አጠገብ ቆመው ከነበረ፥ በብረቱ አጠገብ የነበረው ከኒውትሮን የተቀበለው መጠን እጅግ ይበልጣል። ደሙን ለመተርጐም ሪአክተሩን ማወቅ ግድ ነው። ለማወቅም ሁለት መንገድ አለ፤ አደጋውን አስመስሎ መድገም ወይም በሒሳብ ማስላት።

አስመስሎ የመድገሙን ነገር አሜሪካኖች ከቪንቻ አደጋ ትንሽ ቀደም ብለው ሞክረውት ነበር። ጁን 16 ቀን 1958 ዓ/ም ኦክ ሪጅ በሚባለው ስፍራ፥ ዋይ 12 በተባለው ፋብሪካ ውስጥ፥ የዩራኒየም ፈሳሽ ሳይታሰብ በአንድ በርሜል ውስጥ ተጠራቅሞ መሰንጠቅ ጀመረና ስምንት ሰዎችን መታ። የኦክ ሪጅ ሊቃውንት አደጋውን የሚመስል አነስተኛ ሥራ አዘጋጁና በአጠገቡ አንድ እንስሳ አቆሙ። እንስሳው ምን ነበር ቢሉኝ፤ አህያ። በእኛ አገር ሸክሟ እንጂ ትምህርቷ የማይወራላት አህያ በዚያ የፊዚክስ ረዳት ሆነች። ደሟ ውስጥ የተገኘው ሶዲየም 24 በአጠገቧ ከነበሩት መለኪያዎች ንባብ ጋር ተነጻጸረ፤ የተገኘውም ንጽጽር የሰዎቹን ደም ለመተርጐም አገለገለ። በጣም የተመቱት አምስቱ ሠራተኞች ከ236 እስከ 365 ራድ እንደ ተቀበሉ ተገመተ፤ ሁሉም ከሕመሙ ተርፈዋል።

በቪንቻ የተደረገው ግን ከዚህ የሰፋ ነበር። በ1957 የተቋቋመውና ኢትዮጵያም ከዚያው ዓመት ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ነገሩን ያዘና በኤፕሪል 1960 ያው ሪአክተር በዚያው አዳራሽ እንደ ገና እንዲሠራ ተደረገ። ከኦክ ሪጅ የመጡት ሊቃውንት የሰው ቅርጽ ያላቸው የፕላስቲክ ሰዎች ይዘው ነበር። በእነዚህ ውስጥ እንደ ሰው ገላ ሶዲየም ያለበት ውሃ ተሞላና ወጣቶቹ በአደጋው ቀን ቆመውባቸው በነበሩት ስፍራዎች አቆሟቸው። ሪአክተሩ በታወቀና በተጠበቀ ኃይል ከሠራ በኋላ በፕላስቲኩ ሰው ውስጥ ያለው ሶዲየም ተቆጠረ፤ በዚያው ስፍራ የኒውትሮኑና የጋማው መጠን በልዩ ልዩ መለኪያ ተለካ።

ሒሳቡ ለማንም ተማሪ ይገባል። ለምሳሌ ያህል (ቁጥሮቹ የእኔ ፈጠራ ናቸው) የፕላስቲኩ ሰው ውሃ 1 ምልክት ሲያሳይ መለኪያዎቹ 5 ራድ ቢሉ፥ የታማሚው ደም ደግሞ 80 ምልክት ካሳየ፥ የተቀበለው 80 ጊዜ 5፥ ማለት 400 ራድ ነው። ሪአክተሩ ያው ሪአክተር፥ አዳራሹም ያው አዳራሽ ስለ ሆነ የኒውትሮኖቹ ጉልበት እንዴት ነበር የሚለው ጭንቅ በአመዛኙ ከመንገድ ተነሣ። በዚህም ላይ ሌላ ጥቅም ተገኘ። ደሙ ስለ ጋማ ምንም አይናገርም፤ በሙከራው ግን በዚያ ስፍራ ለአንድ የኒውትሮን ራድ ስንት የጋማ ራድ እንደሚመጣ ስለ ታወቀ የኒውትሮኑ ቁጥር ጋማውን ጐትቶ አወጣው። በቪንቻ ከሁለቱ የበዛው ጋማ ሆኖ ተገኘ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ዝቅተኛው ከ200 ራድ ጥቂት የሚበልጥ፥ ከፍተኛው ደግሞ 430 ገደማ። ቀድሞ ከተገመተው ያነሰ ነበር። ስለዚህም በፓሪስ ስለ ተደረገው ሕክምና ለብዙ ዓመታት ክርክር ቆየ። አንዳንድ ሐኪሞች በዚህ መጠን የተመታ ሰው በጥሩ እንክብካቤ የራሱ መቅኔ ሊያገግም ይችላል አሉ። የማቴ ወገን ደግሞ የተሰጠው መቅኔ ክፉውን ጊዜ አሻግሯቸዋል ይል ነበር። በእኔ አስተያየት የሐኪሞቹ ድፍረት በዚህ አይቀንስም፤ በእጃቸው ያለችው ቁጥር ያች ነበረች፤ የፕላስቲኩ ሰው ደግሞ ገና አልመጣም ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ሒሳብ ነው አልን። የዚህ አባት የሆነው ስታኒስላቭ ኡላም የተባለ የፖላንድ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ በ1946 ታሞ ከተነሣ በኋላ ብቻውን ካርታ ይጫወት ነበር አሉ። ጨዋታው የሚሳካው ከስንት አንዴ ነው ብሎ በቀመር ሊያሰላ ቢሞክር አስቸገረው፤ ታዲያ መቶ ጊዜ ተጫውቶ የተሳካውን መቁጠር አይቀልም ወይ ብሎ አሰበ። ወዲያው የኒውትሮን ጉዞም እንደዚሁ እንደ ሆነ ታየው። ከጆን ፎን ኖይማን ጋር ሆነው ሐሳቡን በዚያን ጊዜ ብቅ ላሉት የኤሌክትሮኒክ ማስሊያዎች አዘጋጁት። ዘዴው ሞንቴ ካርሎ ተባለ፤ ኡላም ከዘመድ ገንዘብ እየተበደረ ወደ ሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት የሚሄድ አጎት ነበረው ይባላል።

አሠራሩን እኛ ዕጣ ማውጣት ብንለው ያስኬዳል። ኮምፒውተሩ አንድ ኒውትሮን ከዩራኒየሙ ያስነሣል። ሳይጋጭ ምን ያህል እንደሚሄድ ዕጣ ይጥላል፤ ከሃይድሮጅን ነው ወይስ ከብረት የሚጋጨው፥ ዕጣ፤ ይዋጣል ወይስ ይነጥራል፥ ዕጣ፤ ወደየት ይነጥራል፥ አሁንም ዕጣ። ዕጣው ግን የጭፍን አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ነገር በላቦራቶሪ የተለካ የዕድል መጠን አለው። አንድ ኒውትሮን ሲዋጥ ወይም ከአዳራሹ ሲወጣ ሌላው ይነሣል። እንዲህ ሚሊዮን ጊዜ ከተደረገ በኋላ በታሰበው ሰው ገላ ውስጥ ምን ያህል ጉልበት እንደ ቀረ፥ ስንት ሶዲየምም እንደ ተለወጠ ይደመራል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ የዕጣዎቹ ብዛት አራት እጥፍ መሆን አለበት። ዛሬ የሚሠራበት የሰው አምሳያም ከእውነተኛ ሰው የሲቲ ፎቶግራፍ ተቀድቶ በእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የተከፋፈለ ነው።

ይሁን እንጂ ማሽኑ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። የአዳራሹ ግድግዳ ከተዘነጋ ከኮንክሪቱ ነጥረው የሚመለሱት ኒውትሮኖች ይዘነጋሉ፤ እነርሱ ደግሞ ብዙዎቹ ዘገምተኞች ስለ ሆኑ ሶዲየም ይጨምራሉ። ሰውየው ፊቱን ወደ ሪአክተሩ አዙሮ ነበር ወይስ ጎኑን ሰጥቶ የሚለውም ቁጥሩን ይለውጠዋል። ስለዚህ መርማሪዎቹ ገና በአልጋ ላይ ያለውን ሰው «የት ቆመህ ነበር? እጅህስ የት ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚያች ደቂቃ እግሩ የት እንደ ነበረ በትክክል የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ሒሳቡን ከእውነት ጋር ለማስተያየት የሚያገለግሉ ሪአክተሮች ነበሩ። በኦክ ሪጅ የነበረው ከ1963 እስከ 1987 ሠርቷል። በፈረንሳይ ቫልዱክ በተባለው ስፍራ የነበረው ሲሌን ደግሞ የዩራኒየም ፈሳሽ ያለበት ሲሆን፥ ዙሪያውን አንዴ በእርሳስ እየሸፈኑ፥ አንዴ ባዶውን እየተዉ ልዩ ልዩ አደጋዎችን ያስመስሉበት ነበር፤ በ2002 ከብዙ አገሮች የመጡ ላቦራቶሪዎች መለኪያቸውን በዚያ አነጻጽረዋል። ሲሌን በ2010 ተዘግቷል።

ይህ ሁሉ ዝግጅት በጃፓን አገር በቶካይሙራ ተፈተነ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1999 ዓ/ም ለምርምር ሪአክተር የሚሆን ነዳጅ የሚያዘጋጁ ሠራተኞች የዩራኒየም ፈሳሽ ከሚፈቀደው በላይ በአንድ ጋን ውስጥ ጨመሩ፤ መሰንጠቁም ጀመረ። ሦስት ሰዎች ክፉኛ ተመቱ። ሐኪሞቹ የሦስቱን ደም ቀድተው ሶዲየም 24 አገኙና መጠኑን አሰሉ። ለጋኑ እጅግ የቀረበው ሰው ግን ገላው ሁሉ እኩል አልተመታም፤ ፊት ለፊቱ ከጀርባው እጅግ ይበልጥ ነበር። ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር መስጠት እንደማይበቃ በሒሳቡ አምሳያ ታየ። ከሦስቱ ሁለቱ በወራት ውስጥ ሞቱ።

ዛሬ እንዲህ ባለ ስፍራ የሚሠሩ ሰዎች ወርቅና ኢንዲየም የመሳሰሉ ትናንሽ ቅጠሎች ያሉበት መለኪያ ይታጠቃሉ። ደወሉ ሲጮኽ ግን ከሁሉ በፊት የሚደረገው ሞንቴ ካርሎም ሲሌንም የማያስፈልገው ነገር ነው። ወደ ውጭ የሸሹት ሠራተኞች በሰልፍ ይቆማሉ። አንድ ሰው ጋይገር ቆጣሪ ይዞ በእያንዳንዱ ሆድ ላይ ያስጠጋል፤ ሠራተኛው በመሣሪያው ላይ ጎንበስ ይላል። በገላው ውስጥ ያለው ሶዲየም ተለውጦ ከሆነ ቆጣሪው ጠቅ ጠቅ ይላል። ጠቅ ያለባቸው ቀድመው ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ ደማቸውም ይቀዳል፤ ሰዓቱም ይጻፋል።